ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ምን እናረጋግጥ? የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ጉዳይ

ከደሴ ተነሺ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቱ ዝውውር ወደ አዲስ አበባ ስለተመደበ፣ እኔ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጓዛችንን ጠቅልለን ልንከተለው አስበናል። በደላላ በኩል ካየናቸው ቤቶች መካከል ሁለቱ ለአቅማችን ቀረብ ይላሉ። አንደኛው ሰሚት የሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለቤቱ የሚኖሩት ውጭ አገር ስለሆነ ቤቱን ያሳየን ወንድማቸው ነው፤ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ እንድንከፍልም ጠይቆናል። ሁለተኛው ገርጂ አካባቢ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ከኋላ በኩል ያለ ሰርቪስ ቤት ነው፤ የመብራትና የውኃ ሒሳቡን በሰው ቁጥር እንደምንካፈል ነግረውናል፤ የሦስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ።

ደላላው በበኩሉ ሌላ ተከራይ ነገ ጠዋት ቀብድ ሊጥል እንደሆነ እየነገረ ዛሬውኑ እንድንወስን ይወተውተናል። እኛ ደሴ የኖርነው በቤተሰብ ቤት ስለሆነ በኪራይ ነገር ልምድ የለንም። የትኛውን ሰነድ ማየት እንዳለብን፣ በቤቱ ውስጥስ ምን ምን መፈተሽ እንደሚገባን፣ ውሉ ላይ ምን እንዲሰፍር መጠየቅ እንደምንችል የምታውቁ ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው። እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማትና እንጀራ ራሷ ካልጋገረች ደስ እንደማይላትም ከግምት አስገቡልኝ።

ጠበቃ ከልደታ

እንኳን ደህና መጡ። ደላላው የሚነግርዎትን «ነገ ጠዋት» ለጊዜው ይተዉት፤ በዚህ ከተማ ቤት ፈልጎ እሱን ያልሰማ ሰው የለም። እኔ የምመክርዎ ከግድግዳውና ከቧንቧው በፊት የሚያከራያችሁን ሰው ማንነት እንድታጣሩ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ ላይ ያለ ጉድለት ሊጠገን ይችላል፣ የማከራየት ሥልጣን ለሌለው ሰው የተከፈለ ገንዘብ ግን በቀላሉ አይመለስም።

በሰሚቱ ቤት እንጀምር። ወንድምየው የባለቤቱን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ ካርታው ገና ያልወጣ ከሆነም ቤቱ በዕጣ ሲተላለፍ የተፈረመውን የሽያጭ ውል ሊያሳያችሁ ይገባል። ከዚያ ቀጥሎ የውክልና ሰነዱን ዋና ቅጂ ጠይቁ። ውክልናው እዚህ የተሰጠ ከሆነ የውልና ማስረጃ ማኅተም ያረፈበት መሆኑን፣ ውጭ አገር ተሰጥቶ በኤምባሲ በኩል የመጣ ከሆነም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እዚህ መመዝገቡን ተመልከቱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 ላይ፣ ጠቅላላ ውክልና ለያዘ ሰው ከተፈቀዱት የአስተዳደር ሥራዎች መካከል ዘመኑ ከ3 ዓመት ያልበለጠ ኪራይን ይቆጥራል። ስለዚህ «ለማከራየት» የሚል ልዩ ቃል በሰነዱ ላይ አለመኖሩ ብቻውን ለሁለት ዓመት ውል እንቅፋት አይሆንም፤ ሆኖም የኪራዩ ገንዘብ በማን ሒሳብ እንደሚገባ በሰነዱም በውሉም ላይ ግልጽ ቢሆን ይመረጣል። ውክልናው እስካሁን ያልተሻረ መሆኑንም ሰነዱን ከመዘገበው መሥሪያ ቤት አጣሩ።

ብዙ ተከራይ የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት፣ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትን ለማከራየት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። የገርጂዎቹን ባለቤቶች በተመለከተ ባልም ሚስትም እዚያው ስላሉ ሁለቱም እንዲፈርሙ መጠየቅ ቀላል ነው፤ የሰሚቱ ባለቤት ባለትዳር ከሆኑ ግን ውክልናው ከሁለቱም መምጣቱን ማየት ይኖርባችኋል።

የሚያከራያችሁ ሰው ራሱ ተከራይ ሆኖ መገኘትም አለ። የቀበሌ ቤት ተከራይቶ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት የተከለከለ ነው፤ ከግለሰብ ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይ ከሆነም የዋናውን ባለቤት ፈቃድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የጎረቤትን አንድ ቃል ያህል የሚጠቅም ነገር የለም፦ በር አንኳኩታችሁ «ይህ ቤት የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ውሉ ልምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፣ በ30 ቀናት ውስጥም ቀርቦ ይመዘገባል፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚፈጸመው በየወረዳው ነው። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ አከራዩ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚችለው ቢበዛ የ2 ወር ኪራይ ነው፤ ጭማሪም የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። እንግዲህ የተጠየቃችሁት የስድስት ወሩም ሆነ የሦስት ወሩ ቅድሚያ ከሕጉ በላይ ነው ማለት ነው። ክፍያውንም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ፈጽሙ፤ በእጅ ተሰጥቶ ደረሰኝ የሌለው ብር በኋላ «አልተቀበልኩም» ቢባል ምስክር ፍለጋ መሄድ ይመጣል።

በመጨረሻ አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቃችሁ። አንዳንድ አከራዮች የኪራይ ግብር እንዳይበዛባቸው በሚመዘገበው ውል ላይ አነስ ያለ ዋጋ አስፍረው፣ ልዩነቱን በቃል ስምምነት በየወሩ ይቀበላሉ። ተከራዩ ለጊዜው ምንም ያልጎደለበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ክርክር ሲነሳ የሚያስረዳለት ሰነድ የተመዘገበው ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ የከፈለውም ቅድሚያ ሆነ ወርኃዊ ገንዘብ ማስረጃ የለውም። በእንዲህ ያለ ውል ላይ አትፈርሙ።

ኤሌክትሪሻኑ

ጠበቃው ስለ ሰነዱ በሚገባ ነግረዋችኋል፤ እኔ ስለ መብራቱ ልንገራችሁ፤ እናትዎ እንጀራ ይጋግራሉ ማለትዎን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩምና።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ አንድ መካከለኛ ምጣድ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይወስዳል ማለት ነው። ሰርቪስ ቤቶች ላይ ደጋግሜ የማየው፣ ከዋናው ቤት ማከፋፈያ በአንድ ቀጭን ሽቦ ተጎትቶ ለሁለትና ለሦስት ክፍል አምፖልም፣ ሶኬትም፣ ምድጃም በዚያው የሚሠራበትን አዘረጋግ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ላይ ምጣድ ሲሰካ ጥሩ ብሬከር ካለ ይወርዳል፤ ብሬከሩ ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ ወይም «እየወረደ አስቸገረ» ተብሎ በሽቦ ከታለፈ ደግሞ የሚሞቀው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ እሳቱም የሚነሳው ከዚያ ነው። ለምጣድ ከማከፋፈያው ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ፣ ቢቻል ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ መስመር መኖሩን ጠይቁ።

ባለሙያ ይዛችሁ መሄድ ካልቻላችሁ በዓይናችሁ ብቻ ብዙ ነገር ታያላችሁ። የማእድ ቤቱን ሶኬት ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡና ዓይነት ቀለም ይዞ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ጠርዙ ሸብሸብ ብሎ ከሆነ፣ ከናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ምጣድ ወይም ምድጃ ይሰካበት እንደነበርና መስመሩ እንዳልቻለው ይነግራችኋል። አዲስ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ አንዱ ሶኬት ብቻ አዲስ ከሆነም ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ። ከዚያ አከራዩን አስፈቅዳችሁ ምጣድ ወይም ምድጃ ሰክታችሁ ለተወሰነ ጊዜ አቆዩት፤ አምፖሉ ደብዘዝ ካለ መስመሩ ደካማ ነው። ይህን ሙከራ ጎረቤት ሁሉ በሚጠቀምበት በምሽት ሰዓት ብታደርጉት ይበልጥ እውነቱን ያሳያችኋል።

ሌላው የቆጣሪው ነገር ነው። «በሰው ቁጥር እንካፈላለን» የሚለው ቃል ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ስለሆነ፣ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ለየብቻቸው ቢሆኑ ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚቀሩ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲሰበሰቡ ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይገባል፤ ሁሉም ውድ በሆነው ዋጋ ይከፍላሉ። የአዲስ አበባ የውኃ ታሪፍም በእርከን ስለሚሄድ እዚያም ላይ ነገሩ ያው ነው። በዚያ ላይ የእናንተ ቤተሰብ አምስት ሰው ነው፣ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው፤ አከራዮቹ ደግሞ ሁለት ብቻ ሆነው ትልቅ ፍሪጅ፣ ቦይለርና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቢኖራቸው ሒሳቡን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። በናንተ መስመር ላይ ትንሽ መቁጠሪያ ቆጣሪ ማስገባት ብዙ ወጪ የለውም፤ እነሱ ፈቃደኛ ካልሆኑ እንኳ ወጪውን ችላችሁ አስገቡት።

የሰሚቱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ይኖረዋል። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱ በእጃችሁ መግባቱን፣ ሒሳቡ ኋላ የሚከፈል ከሆነም ያልተከፈለ ውዝፍ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ የደንበኛ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ በቴሌብር ማየት ትችላላችሁ።

የሰሚት ነዋሪ

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምኖርና የሕንፃችን ኮሚቴ አባል የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ የሦስተኛ ፎቁን ነገር ላንሳ። ቤቱን ያያችሁት በምን ሰዓት ነው? ደላላ ቤት የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሕንፃው ፀጥ ያለ ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ የምድር ቤቱ ግሮሰሪም ገና አልተከፈተም። አንድ ምሽት፣ በተለይ ቅዳሜ፣ ደግሞም አንድ የሥራ ቀን ማለዳ ተመልሳችሁ እዩት፤ ማለዳውን ባለቤትዎ የታክሲውን ሰልፍ ያይበታል።

ውኃ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በከተማችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ መጥቶም ግፊቱ ደካማ ከሆነ ወደ ላይኛው ፎቅ አይወጣም። ስለዚህ ቧንቧ ከፍታችሁ ውኃ ስለፈሰሰ ብቻ አትርኩ፤ የፈረቃው ቀን ላይ ደርሳችሁ ይሆናል። መጠየቅ ያለባችሁ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በራሱ ይወጣ እንደሆነ ወይም በፓምፕ እንደሚገፋ፣ ፓምፕ ካለም የፓምፑን መብራት ማን እንደሚከፍል ነው። ይህን ለወንድምየው ሳይሆን በዚያው ደረጃ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ጠይቁ። ኮሪደሩ ላይ በርሜልና ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ መልሱን ሳትጠይቁ አግኝታችሁታል።

አንዳንድ ተከራይ መላ ብሎ በረንዳ ላይ ሮቶ ያስቀምጣል። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ በረንዳው ለዚያ የተሠራ አይደለም፣ ብዙ ኮሚቴዎችም አይፈቅዱም። ትናንሽ በርሜሎችን በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጥግ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ውኃውን ከታች የሚያወጣላችሁ ሰው ክፍያም በወጪያችሁ ውስጥ ይቆጠር፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትዎ ጀሪካን ተሸክመው ሦስት ፎቅ ሊወጡ አይችሉምና። እንዲያውም ደረጃውን ራሱ አንድ ጊዜ እንዲወጡት አድርጓቸው፤ ቤቱን የሚመርጡት እሳቸውም ናቸው።

የመታጠቢያ ቤቱን ኮርኒስ ቀና ብላችሁ እዩ። የኮንዶሚኒየም ትልቁ ጣጣ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ የሚወርድ ፍሳሽ ነው፤ ቢጫ ክብ ምልክት ወይም የተላጠ ቀለም ካለ ከላይ ያሉትን ጎረቤቶች ማግባባት የእናንተ ዕጣ ይሆናል። ግድግዳው በቅርቡ ቀለም የተቀባ ከሆነ እጃችሁን አሳርፉበት፤ እርጥበት ያለበት ቦታ ከቀለም ሥርም ቢሆን ይቀዘቅዛል። ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ የመስኮቶቹን ጠርዝም አትለፉ።

ከዚያ ወደ ኮሚቴው ሂዱ። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለጋራ መብራት በየወሩ የሚከፈል መዋጮ አለ፤ የቤቱ ባለቤት ለረጅም ጊዜ ያልከፈሉት ውዝፍ ካለ ኮሚቴው ዕቃ ስታስገቡ በር ላይ ሊያስቆማችሁ ይችላል። ውዝፉን ማን እንደሚከፍል፣ ከዚህ በኋላስ ወርኃዊው መዋጮ በማን ላይ እንደሚሆን በውሉ ላይ ይስፈር። ስለ ቤቱ ባለቤት ማንነት ከካርታ ቀጥሎ የተሻለ መረጃ የምታገኙትም ከዚሁ ኮሚቴ ነው።

ጡረተኛው አከራይ

ልጄ፣ ሁሉም ከተከራይ ወገን ስለተናገሩ እኔ ከአከራይ ወገን ትንሽ ልጨምር። ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ሳከራይ ኖሬአለሁ። ጠበቃው የተናገሩት ሕግ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቤት ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ካርታዬን ላውጣለት፣ ፎቶ ላስነሳው ከተባለ እኔ ፈቃደኛ አይደለሁም። በካርታ ኮፒ ስንት ዓይነት ማጭበርበር እንደሚሠራ እናውቃለን። ዋጋ ተስማምተን ውል ልንፈርም ወረዳ ስንሄድ ግን ዋናውን ይዤ እመጣለሁ፤ ተከራዩም በዓይኑ ያየዋል። ካርታ አላሳየሁም ማለት ሌባ ነኝ ማለት ስላልሆነ በዚህ ምክንያት ብቻ ጥሩ ቤት አትለፉ።

የሰርቪስ ቤት ችግር ብዙ ጊዜ ከሰነድ አይመጣም፤ ከአኗኗር ነው የሚመጣው። ስለዚህ የግቢውን ሕግ ሳትጠይቁ አትግቡ። በሩ ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ቁልፍ ይሰጣችኋል ወይስ ታንኳኳላችሁ? ከገጠር ዘመድ መጥቶ ቢያድር ችግር አለ? ልብስ የት ይታጠባል፣ የት ይሰጣል? መጸዳጃው የጋራ ከሆነ ማን ያጸዳዋል፣ ጉድጓዱ ሲሞላስ ማስመጠጫውን ማን ይከፍላል? እንጀራ መጋገር ይቻላል? እኔ ራሴ ከፈቀድኩ በኋላ የከለከልኩበት ጊዜ አለ፤ ኤሌክትሪሻኑ እንዳሉት መስመሩ አልቻለምና። ልጆች እንዳሉሽም ቀድመሽ ንገሪ፤ «ሁለት ሰው ነን» ብሎ ገብቶ በሳምንቱ አምስት የሚሆን ተከራይ አከራይን ያስቀይማል፣ መግባባት ከመጀመሪያው ይበላሻል።

ሲገቡ ደግሞ የቤቱን ሁኔታ አብራችሁ መዝግቡ። የተሰበረ መስታወት፣ የማይዘጋ ቁልፍ፣ የተሰነጠቀ ሰድር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ በወረቀት ይጻፍ፣ በስልክም ፎቶ ይነሳ። ይህ እኔንም ይጠቅመኛል፤ ተከራይ ሲወጣ «ስገባም እንዲሁ ነበር» እየተባባልን አንጣላም። ጥገናውን በተመለከተ ጣራና ዋና የቧንቧ መስመር የእኔ፣ አምፖልና የተሰበረ እጀታ የተከራዩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሐሉ ላይ ያለውን ግን መጻፍ ይሻላል።

ጠበቃ ከልደታ

የአከራዩ አባታችን ሥጋት ትክክለኛ ነው፤ ካርታ ለየመንገደኛው አይሰጥም። እኔም የምለው ከገንዘቡ በፊት ይታይ ነው። ወረዳ ላይ ዋናውን ማየት ይበቃል፤ ማንኛውም ክፍያ ከዚያ በፊት እስካልተፈጸመ ድረስ።

ያልተነሳ አንድ ጉዳይ ልጨምር፦ የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሥራ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በርካታ ሰፈሮችን ስላነሳ፣ በተለይ በነባር ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ስትከራዩ አካባቢው ለልማት የሚነሳ መሆን አለመሆኑን ከወረዳው ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ ሥጋት የለም ማለት ይቻላል።

ከደሴ ተነሺ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በነገራችሁኝ መሠረት ሁለቱንም ቤቶች ከባለቤቴ ጋር ተመልሰን አየናቸው። የገርጂው ማእድ ቤት ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው፤ ጠርዙ ኤሌክትሪሻኑ እንደገለጹት ቀልጧል፤ ባለቤቲቱም ምጣድ እንደማይፈቀድ በትሕትና ነገሩን። ስለዚህ ከእናቴ ጋር ተማክረን ተውነው። አባባም ስለ ግቢ ሕግ የዘረዘሩልኝን በሙሉ ጠይቄአለሁ፤ እንግዳ ማሳደርም አይቻልም ነበር።

የሰሚቱ ላይ ጎረቤቶች ውኃ በፓምፕ እንደሚወጣና የፓምፑ ሒሳብ በኮሚቴው መዋጮ ውስጥ እንደሚካተት ነግረውናል፤ እናቴም ደረጃውን አረፍ እያለች ወጥታዋለች። ወንድምየው ቅድሚያውን ወደ ሁለት ወር ዝቅ ለማድረግ ተስማምቷል። ያሳሰበን ነገር ቢኖር ውክልናው በእሱ ስም አለመሆኑ ነው፤ ሰነዱ የተሰጠው ለእህታቸው ነው። «እኔና እህቴ አንድ ነን፣ እኔ እፈርማለሁ» ይላል። እስከ ፊርማው ቀን ድረስ ቤቱን እንዲያስቀምጥልንም ቀብድ ይፈልጋል። ቀብዱን ብንሰጠው ምን ይሆናል?

ጠበቃ ከልደታ

ለእሱ ምንም አትክፈሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2215 መሠረት ተወካይ የተሰጠውን ሥራ ራሱ መፈጸም አለበት፤ ሌላ ሰው በእሱ ምትክ ማድረግ የሚችለው በመሠረቱ ወካዩ ይህን ከፈቀደለት ነው። ውክልናው «ውክልና የመስጠት» ሥልጣን የሚጨምር ከሆነ እህትየዋ ለወንድሟ በጽሑፍ፣ በውልና ማስረጃ በኩል ልትወክለው ትችላለች፤ ካልሆነ ግን ራሷ ትምጣና ትፈርም። አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖር ከሆነ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ ይህን ከባድ ካደረጉባችሁ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ይሆናል፤ በቁጥር 1885 እንደተደነገገውም ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱን ለእህትየዋ፣ በባንክ ሒሳቧ፣ አነስተኛ በሆነ መጠን ክፈሉ፤ አንድ ገጽ ወረቀትም ጻፉ። ወረቀቱ ላይ የቤቱ አድራሻና ቁጥር፣ የተስማማችሁበት ወርኃዊ ኪራይ፣ ቅድሚያው የሁለት ወር መሆኑ፣ ቀብዱ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ላይ እንደሚታሰብ፣ ውሉ በየትኛው ቀን ወረዳ ቀርቦ እንደሚፈረም፣ እንዲሁም የኮሚቴና የመብራት ውዝፍ ከተገኘ ባለቤቱ እንደሚከፍሉ ይስፈር። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። የደላላውን ኮሚሽን ከወር ኪራይ ላይ እንደሚሰላ ወይስ ከሁለት ወሩ ቅድሚያ ላይ እንደሆነ ዛሬውኑ ተነጋገሩ፤ የምትከፍሉትም ውሉ ከተፈረመ በኋላ ይሁን።

ኤሌክትሪሻኑ

ቁልፍ በምትረከቡበት ቀን የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ ንባብ በፎቶ አንሱ፤ ቁጥሩንም ከቀኑ ጋር በርክክቡ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ምጣዱን ከመሰካታችሁ በፊት የማእድ ቤቱ መስመር ከማከፋፈያው ለብቻው የወጣ መሆኑን የአካባቢው ባለሙያ እንዲያይላችሁ አድርጉ፤ ካልሆነ የማስቀየሪያውን ጉዳይ ለእህትየዋ ከፊርማው በፊት አንሱላት፤ ከገባችሁ በኋላ «የናንተ ምጣድ ነው» ማለት ይመጣልና።